ስንዱ ቁምሳጥን ውስጥ ያሉት ልብሶቼ

(ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ለእናቷ ሐዘን ዓመት ሙሉ ጥቁር የለበሰችው የውብዳር ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛ የሥራ ባልደረባዋና የልብ ጓደኛዋ ስንዱ መኝታ ክፍል ገብታለች፤ ስንዱ ቁምሳጥኑን በጀርባዋ ተደግፋ ቆማለች።)

የውብዳር፦ ዞር በይ አልኩሽ እኮ!

ስንዱ፦ እንዴ፣ መጀመሪያ አረፍ በይ እንጂ። ውሃ እንኳን ሳትቀምሺ!

የውብዳር፦ ውሃ ለመጠጣት ሁለት ሻንጣ ተሸክሜ አልመጣም። ልብሴን ነው የምፈልገው።

ስንዱ፦ ማን ከለከለሽ? በሳምንቱ ውስጥ ራሴ ቀስ እያልኩ አመጣልሽ ነበር።

የውብዳር፦ ቀስ የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ቀለም ለብሼ ነው ቢሮ የምገባው። የእማዬ ሙት ዓመት ረቡዕ ወጣ፤ የንስሐ አባቴም ዘመድ አዝማዱም "በቃሽ፣ አውልቂው" ብለውኛል። እስካሁን ያላልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ስንዱ፦ እኔ ቀስ በይ ነው ያልኩት። ሰው ዓመት ሙሉ በጥቁር ለምዶሽ በአንድ ጊዜ ቢጫ ለብሰሽ ዘው ስትዪ ይደነግጣል። መጀመሪያ ጥቁሩን ጉርድ ትተዪና ከላይ አንድ ቀለም ብቻ፤ በሳምንቱ ጫማ፤ እንዲህ እንዲህ እያልሽ። ደግሞ እውነቴን ነው የውብዬ፣ ጥቁር ያምርብሻል። ፊትሽን አጠራው።

የውብዳር፦ ፊቴን ያጠራው ለቅሶ ነው። ዞር በይ!

ስንዱ፦ እሺ፣ ይኸው። ተከፈተልሽ።

የውብዳር፦ ይሄ... ይሄ ሁሉ የእኔ ልብስ ነው?

ስንዱ፦ ታዲያ የማን ይሆናል?

የውብዳር፦ እኔ የሰጠሁሽ እኮ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ጭምድድ ያለ ልብስ ነው። ማን ነው እንዲህ የደረደረው?

ስንዱ፦ እኔ ነኛ። ሸሚዝ ከሸሚዝ፣ ጉርድ ከጉርድ፤ ከዚያ ደግሞ ከነጣው ወደ ጠቆረው። ሹራብ አይሰቀልም፤ ትከሻው ይለጠጣል፤ ታጥፎ ታች ነው የሚቀመጠው። ጠዋት ስትከፍቺው ሁሉም ዓይንሽ ውስጥ መግባት አለበት። ከክምር ሥር ያለውን ማን አስታውሶ ይለብሰዋል?

የውብዳር፦ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀትስ?

ስንዱ፦ የሳምንቱ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እጽፈዋለሁ። ሰኞ ግራጫ ጉርድ በሎሚ ቀለም ሸሚዝ፣ ቡኒ ጫማ። ማክሰኞ ያው ጉርድ በነጭ ሹራብ። ጠዋት ማሰብ የለም፤ ወረቀቱን አይቼ ለብሼ መውጣት ነው።

የውብዳር፦ ግራጫው በሎሚው?

ስንዱ፦ እንዴት እንደሚያምር! ግራጫ ብቻውን ሰው ያከሳል። ሎሚው ነፍስ ይሰጠዋል።

የውብዳር፦ ሁለቱም እኔ ቤት አምስት ዓመት ኖረዋል፤ አንድ ቀን አልተገናኙም!

ስንዱ፦ አንተዋወቅም ብለው ይሆናላ።

የውብዳር፦ አትቀልጂብኝ! ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ፣ ይሄን ሁሉ ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?

ስንዱ፦ መቼ ጠየቅሽኝ? በየጠዋቱ "የምለብሰው አጣሁ" እያልሽ ትገቢያለሽ፤ እኔ ደግሞ ያቺኑ ቡኒ ጃኬቴን ለብሼ ቁጭ ብዬ አዳምጥሻለሁ። ቡኒ ጃኬት የለበሰች ሴት ምክር ብትሰጥሽ ትሰሚያት ነበር?

የውብዳር፦ ...እሱን ተዪው። ይሄን ሻርፕ ከቦርሳዬ አውጥቼ መጀመሪያ ሻንጣው ውስጥ ልክተተው፤ ትናንት በሱ የደረሰብኝን ሰምተሻል?

ስንዱ፦ ምን ደረሰብሽ? ራሴ "በትንሹ ጀምሪ" ብዬ አይደል የሰጠሁሽ?

የውብዳር፦ በትንሹ ጀመርኩልሽ። አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ቢሮ ገባሁ። መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ ዘነቡ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እሰይ ልጄ፣ እንኳን አውጥቶሽ። ስንዱ ሻርፗን አዋሰችሽ?"

ስንዱ፦ ውይ! እትዬ ዘነቡ እኮ ዓይናቸው ደክሟል።

የውብዳር፦ ሻርፑን ከሩቅ ለይቶታል እኮ ዓይናቸው! አባቴ ለምርቃቴ የገዛልኝን ሻርፕ!

ስንዱ፦ "የራሴ ነው" አትያቸውም ታዲያ?

የውብዳር፦ ምን ብዬ? የእናቷ ተዝካር ሳይበርድ በሻርፕ ተጣላች ልባል? "አዎ፣ አዋሰችኝ" ብዬ አለፍኩ። ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ስንዱ፦ እኔን አፈር ይብላኝ።

የውብዳር፦ አይብላሽ። ያቺን ወይን ጠጅ ቀሚስ አቀብዪኝ።

ስንዱ፦ እሷን... እሷን ኋላ እናያታለን።

የውብዳር፦ አሁን ነው የማያት። ስጪኝ። ቆይ፣ ይሄ ጠርዝ ጉልበቴ ጋ ምን ይሠራል? አሳጥረሻታል!

ስንዱ፦ አልቆረጥኳትም! አጥፌ ነው ያስሰፋኋት። እጅሽን ከውስጥ ስደጂው፤ አራት ጣት ትርፍ አለ። ልብስ ስታሳጥሪ ትርፉን አታስቆርጪ፤ ልብስ ሰፊው ቢጨቀጭቅሽም እሺ አትበዪ። ፈትቶ ቢተኩሳት ልክ እንደድሮዋ ትሆናለች።

የውብዳር፦ የኔን ቀሚስ! ሳትጠይቂኝ!

ስንዱ፦ ካንቺ አጥራለሁ፤ ምን ላድርግ፣ መሬት ልጥረግባት? ይልቅ ልበሻትና እንያት።

የውብዳር፦ እለብሳታለሁ። የራሴ ናት፣ ማንን ፈርቼ! ...እንዴ። ምን ሆነች ይቺ? እዚህ ጋ ሰፋችኝ።

ስንዱ፦ እሷ ምንም አልሆነችም። አንቺ ነሽ የከሳሽው። ዓመት ሙሉ በሰፊ ጥቁር ተሸፍነሽ ሰውነትሽን ረስተሽዋል።

የውብዳር፦ እመለሳለሁ። ትንሽ ከበላሁ እመለሳለሁ።

ስንዱ፦ አሁን እናጥብባት፤ ስትመለሺ ትፈቺዋለሽ። ሰኞ ቢሮ የምትገባው የዛሬዋ የውብዳር ናት። ሰፍቶሽ ከገባሽ ሰው ሁሉ የሚያየው የጎደለሽን ነው፤ "ምጽ፣ ሐዘን ጎዳት" ብሎ ከንፈሩን ይመጥልሻል። ቁሚ፣ በእስፒል ልያዝልሽ። እጅሽን አንሺ። ትከሻው ልክ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል፤ ትከሻው ካልሆነ ግን አትድከሚ፣ ስጪው። ይሄ ልክ ነው። ከጎንና ከጎን ሁለት ጣት ሁለት ጣት ብቻ። አትነቃነቂ!

የውብዳር፦ አንቺ ላይ እንዲህ አልነበረችም።

ስንዱ፦ እንዴት ነበረች?

የውብዳር፦ ታውቂያለሽ እንዴት እንደነበረች! የመሥሪያ ቤቱ በዓል ቀን የተነሣነው ፎቶ እስከዛሬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። መሀል ላይ አንቺ በዚች ቀሚስ፤ ጥግ ላይ እኔ በጥቁር፣ ግማሽ ፊቴ ተቆርጦ። በየቀኑ በሱ ሥር ነው የማልፈው። ቀናሁብሽ ስንዱ። ይኸው ተናገርኩ። በራሴ ቀሚስ ቀናሁ! እንዲህ ያለ ቅናት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ስንዱ፦ አውቃለሁ።

የውብዳር፦ ከየት ታውቂያለሽ አንቺ?

ስንዱ፦ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜ "የየውብዳር ጓደኛ" ነበር። ባለጉዳይ ይመጣል፤ አንቺን ያጣል፤ "ያቺ ቆንጆዋ የለችም?" ይለኛል። እኔ እዚያው ፊቱ ቁጭ ብዬ! ሥራውን የምሠራለት እኔ፣ የሚያመሰግነው ያንቺን ወንበር። ልብስሽን የለበስኩ ሰሞን አንዱ መጥቶ "እዚህ አዲስ ተቀጠርሽ?" አለኝ። ሳቅኩ፤ እቤት ገብቼ ግን አልሳቅኩም።

የውብዳር፦ እኔ ምን አድርጌሽ ነው?

ስንዱ፦ ምንም። ክፋቱ እሱ ነው። ምንም አላደረግሽኝም።

የውብዳር፦ ...አረንጓዴው ካፖርቴስ? ሁሉንም አየሁ፣ እሱን አላየሁትም።

ስንዱ፦ እሱ እጥበት ቤት ነው።

የውብዳር፦ በዚህ በኅዳር ብርድ ካፖርት አሳጥባለሁ የሚል የደብረ ብርሃን ሰው አለ? ስንዱ፣ እዪኝ። ደብቀሽዋል።

ስንዱ፦ ለመልበስ አይደለም የደበቅኩት።

የውብዳር፦ እና ለምንድን ነው?

ስንዱ፦ ይቅርብሽ ይሄ።

የውብዳር፦ ንገሪኝ ብያለሁ!

ስንዱ፦ በመስቀል ሰሞን ነው። ለብሼው ገበያ ወጣሁ። ከኋላዬ አንድ ሰው "ውቢት!" ይላል። የማንን ስም እንደሚጠራ መች አሰብኩ፤ መንገዴን ቀጠልኩ። እየሮጠ ደረሰብኝና ክንዴን ያዘኝ። ባልሽ ነው። ዳኜ።

የውብዳር፦ ክንድሽን?

ስንዱ፦ ካፖርትሽን ነው የያዘው።

የውብዳር፦ ካፖርቱ ውስጥ ያለው ክንድ የማን ነው?

ስንዱ፦ የውብዬ፣ አላወቀኝም እኮ! ፀጉሬን በሻርፕ ጠምጥሜ፣ ከኋላ ነው ያየኝ። ዞር ስል ፊቱ ልውጥ አለ። "ይቅርታ ስንዱ፣ ጥቁሩን አውልቃ ወጣች ብዬ ነው" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የያዘውን ዘንቢል እዚያው ረስቶት ሊሄድ ነበር፤ ጠርቼ ነው የሰጠሁት።

የውብዳር፦ እንዴት አድርጎ ነው "ውቢት" ያለው?

ስንዱ፦ እንዴት ማለት?

የውብዳር፦ ድምፁን ነው የምልሽ! ጮክ ብሎ? ቀስ ብሎ? ተቆጥቶ?

ስንዱ፦ ደስ ብሎት።

የውብዳር፦ ደስ ብሎት...

ስንዱ፦ ምነው? ንገሪኝ ስትዪ እኮ ነው የነገርኩሽ።

የውብዳር፦ ዓመት ሆነው እንዲያ ብሎ ከጠራኝ። እቤት "ስሚ" ነው የሚለኝ። "ስሚ፣ ልጆቹ በሉ?" "ስሚ፣ ቁልፉን አይተሻል?" እኔም ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ነው የተኛሁት። ያቺን ስም ጭራሽ የረሳት መስሎኝ ነበር። ለካ ይዟት ይዞራል። ለካ ገበያ መሀል ላንቺ ሰጥቷታል!

ስንዱ፦ ለእኔ አልሰጠም። ለካፖርቱ ነው።

የውብዳር፦ ካፖርቱ ጆሮ አለው? የሰማሽው አንቺ ነሽ! እኔ ነበርኩ መስማት የነበረብኝ!

ስንዱ፦ ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልለበስኩትም። ያውልሽ፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ ኪሱ ውስጥ የብል መድኃኒት አለበት። አውጥተሽ አናፍሺው፤ ወዲያው ከለበስሽው ይሸታል።

የውብዳር፦ አሁንም ትመክሪኛለሽ!

ስንዱ፦ ካልሆነ ዳኜ በማስነጠስ ነው የሚቀበልሽ።

የውብዳር፦ ዳኜን ከአፍሽ አውጪልኝ! በቃ፣ ሁሉንም አምጪ። ሸሚዞቹን፣ ጉርዶቹን፣ ሁለቱንም ሱሪ። ጫማዎቹንም። አንድ ነገር እንዳይቀር።

ስንዱ፦ እሺ። ሹራቦቹን ከሥር አድርጊያቸው፣ ሸሚዞቹ እንዳይጨማደዱ። ሎሚውን ከላይ። ይኸው ቀበቶው። ይኸው ነጩ ሹራብ። ይኸውልሽ፣ አለቀ።

የውብዳር፦ እንዴ። ቁምሳጥኑ ባዶ ሆነ እኮ።

ስንዱ፦ አዎ።

የውብዳር፦ ያንቺዎቹስ የታሉ?

ስንዱ፦ የምን የእኔ?

የውብዳር፦ ልብሶችሽ ነዋ! ቡኒ ጃኬትሽ፣ ያ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስሽ፣ ጂንስ ሱሪሽ። ሌላ ቦታ ነው የምትሰቅያቸው?

ስንዱ፦ የሉም። ከፋሲካ ጀምሮ አንድ በአንድ ለነዳያን ሰጠኋቸው።

የውብዳር፦ ሁሉንም?

ስንዱ፦ ነጠላዬና ቢጃማዬ አሉ። ይሄ የለበስኩት ሹራብም ያንቺ ነው። ላውልቀው?

የውብዳር፦ አብደሻል? ምን ነክቶሽ ነው?

ስንዱ፦ ቁምሳጥኑ ጠባብ ነው። "ስድስት ወር ያልለበስሽው ይውጣ" ብዬ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ጥሩ ሕግ ነው፣ ላንቺም ይጠቅምሻል። ግን በመረጥኩ ቁጥር የሚወጣው የእኔ ሆነ። ካንቺ ልብስ ጎን ሲሰቀሉ ያሳፍሩኝ ጀመር። መጨረሻ ላይ ጃኬቷ ብቻ ቀረች፤ እሷንም በር ላይ ለቆሙ እናት ሰጠኋቸውና ተገላገልኩ።

የውብዳር፦ የሰው ልብስ አስቀርተሽ የራስሽን መጸወትሽ! አንድ ቀን እንደምመጣ አላሰብሽም?

ስንዱ፦ አንቺ ነሻ አልመጣም ያልሽው! መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመሽ "ካሁን በኋላ ቀለም ገላዬን አይነካም" ብለሽ ማልሽ። በሦስተኛው ቀን እዚህ መጥተሽ ሻንጣዎቹን ወረወርሽልኝ፤ "ልበሻቸው፣ ቅደጃቸው፣ ሁለተኛ እንዳላያቸው" አልሽኝ። አመንኩሽ።

የውብዳር፦ የሐዘንተኛ ቃል ይያዛል እንዴ?

ስንዱ፦ እኔ ያዝኩት።

የውብዳር፦ ቆይ ቆይ። "ጥቁር ያምርብሻል" ያልሽኝ... "ለእናት ሁለት ዓመት የሚለብሱም አሉ" ያልሽኝ... በነሐሴ ላወልቅ ስል "ሰው ምን ይላል" ብለሽ ያስቀረሽኝ...

ስንዱ፦ አዎ።

የውብዳር፦ ምን "አዎ"?

ስንዱ፦ አዎ፣ ለዚህ ነው።

የውብዳር፦ ሐዘኔ እንዲረዝም ፈለግሽ!

ስንዱ፦ ሐዘንሽ እንዲረዝም አልፈለግኩም። ልብስሽ እንዲቆይልኝ ነው የፈለግኩት። ለየብቻ መስሎኝ ነበር። ለየብቻ እንዳልሆነ የገባኝ በመስቀል ነው፤ ከዚያም በኋላ ደግሞ ዝም አልኩ። በይ ስደቢኝ። የሆዴን ነግሬሻለሁ።

የውብዳር፦ ምን አፍ አለኝና ልስደብሽ? ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ምን እያልኩ እንደተነሣሁ ታውቂያለሽ? "ሰኞ ስንዱ ምን ለብሳ ትገባ ይሆን?" እያልኩ። ደስ ብሎኝ! ዓመት ሙሉ ደስታ የሚባል አላውቅም፤ የመጀመሪያው ደስታዬ ያንቺ መራቆት ሆነና ቁርሴን በላሁ።

ስንዱ፦ ጥሩ ቁርስ ነበር?

የውብዳር፦ ሁለት ዳቦ በላሁ።

ስንዱ፦ እንግዲህ ሰኞ በቢጃማ ካየሽኝ ሰውነትሽ ይመለሳል።

የውብዳር፦ አታስቂኝ፣ እስፒሉ ይወጋኛል! ነይ ወዲህ። ሻንጣዎቹን አልጋው ላይ ገልብጫቸው።

ስንዱ፦ አሁን አስተካክለን ከተን?

የውብዳር፦ ገልብጪው አልኩሽ። ልክ የሚሆነኝን እዚህ፣ ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄደውን እዚያ፣ ላንቺ የሚሆነውን ትራሱ ጋ። ትከሻውን እያየን።

ስንዱ፦ ለእኔ? ኋላ ትጸጸቻለሽ።

የውብዳር፦ ይጸጽተኛል። ዛሬ ማታ ራሱ ይጸጽተኛል። ሳይጸጽተኝ ቶሎ በይ። ጥቁሩ ሱሪ ላንቺ። ነጩ ሹራብ ላንቺ። ሰማያዊው ሸሚዝ ከገባሽ ላንቺ።

ስንዱ፦ ሎሚውስ?

የውብዳር፦ ሎሚውን እንዳትነኪው።

ስንዱ፦ ሎሚው ከሌለ ግራጫው እኮ...

የውብዳር፦ ግራጫውንም እንዳትነኪው! ሁለቱን ያስተዋወቅሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ አብረው የሚወጡት ከእኔ ጋር ነው። ወረቀትሽንም ስጪኝ።

ስንዱ፦ ወረቀቱን እንኳን ተዪልኝ!

የውብዳር፦ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ስጪኝ። እና ደግሞ አንድ ነገር፦ መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ነኝ። ዛሬም፣ በሚቀጥለው ዓመትም።

ስንዱ፦ እሺ እመቤቴ። ካፖርቱን ላውርድልሽ?

የውብዳር፦ እኔ አወርደዋለሁ። እጅሽ አይንካው። ...ስሚ፣ ክላክስ ነው?

ስንዱ፦ የዳኜ መኪና ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ።

የውብዳር፦ ከምኔው ደረሰ! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና፣ ሻንጣውን ተሸከምልኝ ነበር ያልኩት።

ስንዱ፦ ደጅ አይቁም በዚህ ብርድ፣ እኔ ልክፈትለት። አንቺ እስከዚያ ቀሚሷን አውልቂና ጥቁርሽን ልበሺ፤ እስፒሉ እንዳለ ነው፣ ስትራመጂ ይወጋሻል።

የውብዳር፦ ይውጋኝ። ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ ስንዱ፤ ዛሬ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።